ጥርስ ሞልቶኝ ሙቀጫ

መንጋጋዬ የተቆለፈው በክርስትና ድግስ ላይ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እያየኝ ነው። የሚስቴ አክስት ልታጎርሰኝ እጅጌዋን ሰብስባ መጣች። የእሷን ጉርሻ የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ሲያያት ስልክ የተደወለለት መስሎ ይነሳል፤ እኔ ግን አማች ነኝና መሸሻ የለኝም። አፌን ከፈትኩ። ግራ ጆሮዬ ሥር አንድ ነገር "ቀጭ!" አለና መንጋጋዬ ሁለት ጣት እንኳ በማያስገባ ክፍተት ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጉርሻው ጥርሴ ላይ ደርሶ በር እንደተዘጋበት እንግዳ ቀረ። አክስትየዋ ገፋች። እኔ ዓይኔን አፈጠጥኩ። ወጡ በአገጬ ወርዶ ነጭ ሸሚዜን ያዘው። በመጨረሻ "ንቆኝ ነው" አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለድንኳኑ።

ላስረዳት ሞከርኩ። ጥርሱን ነክሶ የሚናገር ሰው ግን ይቅርታ ሲጠይቅ እንኳ የሚዝት ነው የሚመስለው። ሚስቴ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ።

ሥራዬ አፌ ነው። ጉምሩክ ላይ የሰው ዕቃ የማስለቅቅ ትራንዚተር ነኝ፤ ጧት በሶማሊኛ እለማመጣለሁ፣ ረፋድ ላይ በኦሮምኛ እጨቃጨቃለሁ፣ ከዚያ በአማርኛ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሦስቱም በአንድ ቀን ሲጠፉኝ ባልደረቦቼ አዘኑልኝ ብዬ ነበር። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ብለው ደንበኞቼን ተካፈሉ። ጎረቤቶች መንጋጋ ቆልፍ ነው፣ ዛሬውኑ ይወጋ አሉና ተወጋሁ፤ መርፌው ለሌላ በሽታ እንደሆነ የታወቀው ክንዴ ካበጠ በኋላ ነው። ቀጥሎ ወጌሻ ጋ ወሰዱኝ። ሰውየው በሰሊጥ ዘይት አሸኝ፣ አገጬን ይዞ ወደ ታች ሳበኝ፣ "ገባ!" አለ። ምን እንደገባ አላውቅም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾርባም በግድ ነው የሚገባው።

እውነቱን ለመናገር ያስፈራኝ ግን ሥራዬ አልነበረም። አባቴ ነበር።

አባቴ የድሮው ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ጡረታ ወጥቶም ሰው የሚያናግረው ትኬት እንደሚጠይቅ ሆኖ ነው፤ አጭር፣ ኮስተር ብሎ። በስልክ ከ"እሺ" እና ከ"እና?" ሌላ ቃል ሲያወጣ ሰምቼው አላውቅም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ተዘጋ። አንደበቱ የሚፈታው በርጫ ላይ ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ፣ የድሬ ሙቀት ሰውን ሁሉ ከመንገድ ሲያባርር፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤቱ ፍራሹን ያነጥፋል፣ ትራስ ይደገፋል፣ ማራገቢያውን ይከፍታል። ጫቱ ትንሽ ገባ ሲልለት ይጀምራል። ስለ ባቡሩ ያወራል፣ ስለ ጎርፉ ያወራል፣ ከዚያ ስለ እናቴ ያወራል። በሌላ ሰዓት ስሟን አይጠራም።

ክርስቲያኖች ነን፤ ጾም ሲገባ እንኳ በርጫው አይቋረጥም። የአባቴ ክርክር ቀላል ነው፤ ጫት ቅጠል ነው፣ ቅጠል ደግሞ ጾም አይሽርም። የንስሐ አባቱ ይህን ሰምቶ "ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን" ካለ ዓመታት አልፈዋል።

ድሮ ያ ክፍል በጀማ፣ አብረውት በሚቅሙ ጓደኞቹ፣ ይሞላ ነበር። አንዱ ሞተ፣ አንዱ ልጆቹ ዘንድ ሄደ፣ አንዱ ልቡን ታሞ ተከለከለ። የቀረነው እኔና እሱ ነበርን። ድሬ ላይ ብቻውን የሚቅም ሰው ከጂን ጋር ነው የሚያወራው ይባላል፤ አባቴ ደግሞ ከጂን ጋር ከማውራት ዝምታን የሚመርጥ ሰው ነው። እኔ ከቀረሁ በርጫው ይቀራል፤ በርጫው ከቀረ አባቴ ዝም ይላል፤ አባቴ ዝም ካለ እናቴም የምትነሳበት ቤት አይኖርም። ነገሩ ይኸው ነው።

በርጫ ላይ አንድ ወግ አለ። የምታከብረውን ሰው ከራስህ ድርሻ ቀንበጡን መርጠህ ታቀብለዋለህ፤ የተሰጠው ሰው እምቢ አይልም። አባቴ ለእኔ የሚያቀብለኝ ቀንበጥ ማለቂያ አልነበረውም። "እንካ፣ አንተ ልጅ ነህ፣ ቅም" ይለኛል። አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ልጅ ነህ መባል ደስ ይላል። እቀበላለሁ፣ እቅማለሁ፣ ሌላ ይሰጠኛል። ይህ ሰው ልጁን አቅፎ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ቀንበጡን እንደ እቅፍ ነበር የምቆጥረው።

ሚስቴ በመጨረሻ ሳቢያን አካባቢ ያለ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች። ፊዚዮቴራፒስቷ ከእኔ በብዙ ዕድሜ የምታንስ የድሬ ልጅ ነች። ጣቶቿን ጉንጮቼ ላይ አሳርፋ "ንከስ" አለችኝ። ነከስኩ። "ልቀቅ።" ለቀቅኩ። ቀኙን ዳሰሰች፣ ግራውን ዳሰሰች፣ ግራው ላይ ቆየች።

"በግራ ነው የምትቅመው" አለች።

"አልፎ አልፎ ነው፣ ዶክተር" አልኳት በጥርሴ መሃል።

"ዶክተር አይደለሁም። ደሞ አቦ ጋሼ፣ ይሄ አልፎ አልፎ የሚሠራ ጡንቻ ነው? ይሄ የወዛደር ክንድ ነው! አንድ ሰው ብቻውን ይሄን ያህል አይቅምም።"

ወንድነቴ የተመሰገነ መስሎኝ ቀና አልኩ።

እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገናኘው ከጆሮ ፊት ለፊት ነው፤ በመሃሉ እንደ ትራስ ያለች ነገር አለች። ጡንቻው ዕረፍት አጥቶ ሲጎትት ትራሷ ከቦታዋ ትንሸራተታለች፣ በሩ ይያዛል። ሕክምናው ሁለት ነው፤ አንዱ ሾክ ዌቭ የሚባለው ማሽን፣ ሌላው እንቅስቃሴ። "ማሽኑ ጡንቻውን ያላላልሃል፣ ሕመሙን ያስታግስልሃል" አለች። "አፍህን የሚከፍተው ግን ማሽኑ አይደለም፣ አንተ ነህ። ሁለቱ አብረው ካልሄዱ ዋጋ የለውም።" የመጀመሪያውን ግማሽ በደንብ ሰማሁ።

ማሽኑ ሽጉጥ የሚመስል እጀታ አለው። ቀዝቃዛ ቅባት ጉንጬ ላይ ቀብታ ስታስነሳው "ታ-ታ-ታ-ታ" እያለ ይደበድባል፤ ጥርሴ ላይ የተሞላው ሙሌት ሁሉ ተራ በተራ ራሱን አስተዋወቀኝ። ያማል፤ ግን እንደ ሹል ሕመም አይደለም፣ የደከመ ሰው ሲታሽ የሚሰማው ዓይነት ነው። ስትጨርስ መንጋጋዬ ቀለለኝ። በቃ፣ ድኛለሁ ብዬ ወጣሁ።

ተጠባባቂዎቹ ዘንድ ስደርስ ማሽኑን የማደንቀው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ገባኝ። ተረከዟን የምትታከም ሴትዮ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰባት ለመጣ ለሄደው ትናገራለች። ትከሻውን የሚታመም የመጋላ ነጋዴ ደግሞ ቅሬታ ነበረው። "ወላሂ፣ ኃይሉን ከፍ አድርጊው ስላት እምቢ ትላለች! ጥይቱን ከቤቷ ያመጣችው ይመስል ትቆጥባለች።" እንቅስቃሴውን ይሠሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሁለቱም አዘኑብኝ። ማሽን እያለ እጅና እግሩን የሚያወናጭፍ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

የእኔ እንቅስቃሴ ደግሞ ጭራሽ የሚያሳፍር ነበር። መስታወት ፊት ቆሜ፣ ምላሴን ላንቃዬ ላይ ለጥፌ፣ አፌን ቀስ ብዬ ቀጥ አድርጌ መክፈት። መንጋጋዬ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ መንገድ ላይ ድንገት ወደ ግራ ይታጠፋል፣ መጋላ ቅያስ እንደሚገባ ባጃጅ። ሚስቴ በር ላይ ቆማ ስትስቅ ተውኩት። በቀጣዩ ቀጠሮ ፊዚዮቴራፒስቷ ገና አፌን ስከፍት "አልሠራህም" አለች። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩ። ማሽኑን ሳታስነሳ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች፤ እዚያው ፊቷ እስክሠራው ድረስ አልተነሳችም።

በዚያው ዕለት ነው ትልቁን ትእዛዝ የሰጠችኝ። ቆሎ አይቆረጠም፣ ማስቲካ አይታሰብም፣ ጫት ማኘክ ክልክል ነው።

"እስከ መቼ?"

"እስክነግርህ።"

አባቴ ዘንድ ስደርስ ፍራሹ ተነጥፏል፣ ጫቱ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልሏል። ነገርኩት። ትንሽ አሰበና "እሺ፣ ሻይህን ጠጣና ተቀመጥ" አለኝ። ተቀመጥኩ። እሱ ይቅማል፣ እኔ አየዋለሁ። ያወራል ብዬ ጠበቅኩ። ማራገቢያው ብቻ ነው የሚያወራው። ቆይቶ ቆይቶ እጁ ላይ የነበረውን ቅጠል መልሶ አስቀመጠ።

"አቦ፣ ፖሊስ ጣቢያ አስመሰልከው እኮ" አለ። "ሳትቅም ስታየኝ ቃሌን የምሰጥ ነው የሚመስለኝ። ሂድ፣ ሲሻልህ ትመጣለህ።"

አባባረኝ ብዬ አልተቀየምኩም፤ የማይቅም ደረቅ ሰው በርጫ ላይ መቀመጥ ነውር እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ከሰዓት በዚያ በኩል ሳልፍ አባቴን ፍራሹ ላይ ሳይሆን በሩ ላይ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አየዋለሁ። መንገዱን ያያል። ሰላም ስለው "እሺ" ይላል። "ምን ላምጣልህ አባባ?" ስለው "እና?" ይላል። በስልክ የሚያወራው ዓይነት አሁን ፊት ለፊትም ሆነ። ፈራሁ፤ ሰው እንዲህ እንዲህ እያለ ነው አልጋ ላይ የሚውለው።

ጥጉ ላይ ጫት የምትሸጠው ሴት ከቢዮ አዋሌ በኩል የመጣች ናት፤ ለአባቴ ዓመታት ሸጣለታለች። አንድ ቀን ጠራችኝ።

"አባን ኬ ማል ታኤ? አባትህ ምን ሆነ? ሰሞኑን አይወስድም። ያልፋል፣ ሰላምታም የለ!"

እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ የታመምኩት፣ ማኘክ ተከልክዬ ነው አልኳት። እስከ ወገቧ ጎንበስ ብላ ሳቀች።

"ማኘክ ነው የተከለከልክ? የኔ አባት ጥርሱ ካለቀ ስንት ዓመቱ፤ ሙቀጫ የለም እንዴ? ወቅጠህ፣ ስኳር ጣል አድርገህ፣ ዋጥ!"

ትራንዚተር ነኝ። ክልከላን ቃል በቃል ማንበብ እንጀራዬ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ የከለከለችኝ ማኘክን ነው፤ መውቀጥ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ያልተከለከለ ዕቃ ደግሞ ይገባል። በቀጥታ መጋላ ገበያ ሄጄ ትንሽ የእንጨት ሙቀጫ ከነዘነዘናው ገዛሁ። ሻጩ ለየትኛው ሽማግሌ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ለእኔ ነው ስለው ጥርሴን አይቶ ሂሳቡን ተቀበለኝ።

ሙቀጫ ቀልድ አይደለም። የኛ ሰፈር ከሰዓት ጸጥ ያለ ነው፤ ከአንድ ቤት መስኮት "ዱቅ ዱቅ" የሚል ድምፅ ከወጣ እዚያ ቤት ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ እንዳለ መንገደኛው ሁሉ ያውቃል። አባቴ የፊት ጥርሶቹ አሉ። ከኋላ ስንት እንደቀሩት ጠይቄው አላውቅም፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ እናስገባ ስንለው "የሞተ ሰው ጥርስ አልጎርስም" ብሎ ቤቱን አደባልቆት ነበር። ሙቀጫውን ፍራሹ ላይ ሳስቀምጠው መጀመሪያ ሙቀጫውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ፣ ከዚያ ስቆ ስቆ እንባውን ጠረገ።

"አንተ! ጥርስ ሞልቶህ ሙቀጫ!"

"ሐኪም ነው ያዘዘው" ብዬ ዋሸሁ።

መውቀጥ ጀመርኩ። "ዱቅ ዱቅ" ሲል አባቴ ተወራጨ፤ ተነስቶ መስኮቱን ሊዘጋ ነው ስል ይባስ ብሎ ከፈተው። "ልጄ ነው! መንጋጋውን ታሞ ሐኪም አዞበት ነው!" አለ ለሚያልፍ ባጃጅ። ባለ ባጃጁ እግዜር ይማረው ብሎ አለፈ። አባቴ ተመልሶ ተቀመጠ።

አረንጓዴውን ውቅጥ በማንኪያ ቀምሼ ዋጥኩ። ሣር ሣር ይላል። አባቴ እጁን ዘረጋ።

"አምጣ እስቲ፣ በደንብ መውቀጥህን ልቅመስ።"

ቀመሰ። "ሻካራ ነው" አለ። ደገመ። "አሁንም ሻካራ ነው።" ሲሰልስ አስተያየት መስጠቱን ተወ። እኔ የወቀጥኩትን እሱ ይጨርሳል፣ የሱ ጫት ከጨርቁ ሳይወጣ ይቀመጣል። "ያንተ እንዳይበላሽ ብዬ ነው" ይላል። የራሱን ጫት አንስቼ ወቀጥኩለት፤ አላየሁም አለ። ማራገቢያው እየዞረ፣ ከቆየ በኋላ፣ ስለ እናቴ ማውራት ጀመረ። ድምፁን እንዳይሸፍንብኝ ዘነዘናውን ቀስ አድርጌ አስቀመጥኩ።

የገባኝ ዕቃ ሳነሳ፣ ሙቀጫው ተልሶ እንደጸዳ ሳይ ነው። ዓመታት ሙሉ ያ ሁሉ ቀንበጥ፣ ያ ሁሉ "እንካ፣ አንተ ልጅ ነህ፣ ቅም" ምን እንደነበር ገባኝ። አባቴ ማኘክ አይችልም ነበር። ሁለት ሦስት ቅጠል ጉንጩ ሥር አስገብቶ ይቀመጣል፤ የቀረውን በክብር ስም ለእኔ ያቀብላል፤ እኔ ተደስቼ እቅማለሁ። ለሁለት ሰው ስቅም ነው መንጋጋዬ የተቆለፈው። ፊዚዮቴራፒስቷ አንድ ሰው ብቻውን ይሄን ያህል አይቅምም ብላኝ የለ?

መጀመሪያ ተናደድኩ። ጉንጬ ላይ የተተኮሰው ሁሉ፣ የአክስትየዋ ቂም፣ ያበጠው ክንዴ፣ ሁሉም የአንድ ሽማግሌ ኩራት ዕዳ ነው። ሚስቴ ፊት ጮህኩ፤ ማለት፣ በጥርሴ መሃል የሚቻለውን ያህል ጮህኩ። ሚስቴ ሰምታኝ ስታበቃ "እና ምን ሊልህ ነበር? ልጄ፣ ጥርሴ አለቀ፣ ግን አትቅርብኝ ይበልህ?" አለችኝ። አባቴ ያንን ክፍል ባዶ ላለማድረግ ያለውን ብልሃት ተጠቅሟል፤ እኔ ደግሞ እቅፍ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው እቅፍ አይደለም የሚለው ማን ነው?

ፊዚዮቴራፒስቷን ግን ማታለል አልቻልኩም። ጡንቻው አልላላም ብላ "ቅመሃል" አለችኝ።

"አልቃምኩም። ወቅጬ ነው።"

እጀታውን አስቀመጠች። ፊቴን ቆይታ አየችው።

"ወቅጬ" አለች። "ዋ! የድሬ ልጅ ባትሆን ይሄን ከየት ታመጣው ነበር? ጋሼ፣ ጥፋቱ ማኘኩ ብቻ መሰለህ? ጫቱ ራሱ እኮ ነው ሌሊት ጥርስህን የሚያናክስህ። ተኝተህም እየቃምክ ነው።"

ያኔ ነው የአባቴን ነገር የነገርኳት። ሳላስበው ሙሉውን ነገርኳት፤ በሩን፣ የፕላስቲክ ወንበሩን፣ ቀንበጡን። ሳታቋርጥ ሰማችኝ። ከዚያ ቅባቱን እየቀባችኝ "ለእሱ ውቀጥለት" አለች። "መውቀጥ ክንድህን እንጂ መንጋጋህን አይነካም። አንተ ግን ማንኪያውን ላስ አድርገህ ተወው። እንቅስቃሴውን ደሞ ካልሠራህ አባትህ ጋ መጥቼ ነው የምነግረው።" ይህ የመጨረሻው ዛቻ ማሽኑ ያልቻለውን ቻለ።

ሠራሁ። ጧት ፊቴን ስታጠብ ሠራሁ፣ ጉምሩክ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሠራሁ፤ ምላሴን ላንቃዬ ላይ ለጥፌ አፌን ስከፍት ፈታሹ የምሳደብ መስሎት ገላመጠኝ። ማታ በሙቅ ፎጣ አሸሁ። በየቀጠሮው ማሽኑ ያላላውን ቤቴ ስደርስ ራሴ እከፍተዋለሁ፤ እኔ የጀመርኩትን በቀጣዩ ቀጠሮ እሷ በእጇ ትገፋልኛለች። መንጋጋዬ እንደ ባጃጅ መታጠፉን ተወ። ጆሮዬ ሥር የነበረው ቀጭታ ሳሳ፣ ከዚያ ጠፋ። በርጫ ላይ ደግሞ ዘነዘናው እኔ ዘንድ፣ ማንኪያው አባቴ ዘንድ ሆነ፤ እኔ ለስሙ ብቻ ከንፈሬን አረንጓዴ አደርጋለሁ። አባቴ አላስተዋለም ወይም አላስተዋልኩም አለ። በመስኮት ለሚያልፈው ሰው ሁሉ የልጁን ሕመም ማብራራቱን ቀጠለ፤ ሰፈሩ ለመንጋጋዬ ስለት እስከ መሳል ደርሷል።

አንድ ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ ሦስት ጣትህን ደርበህ አፍህ ውስጥ አስገባ አለችኝ። ገቡ። "ጨርሰሃል" አለች።

"ሌላ ቀጠሮ የለኝም?"

"ድነህ ምን ልታደርግ ትመጣለህ?"

ሰው ዳንክ ሲባል ዕልል ይላል፤ እኔ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ እጨነቃለሁ። መንጋጋዬ ከዳነ በዚያ ቤት ሙቀጫው የማን ሊሆን ነው? አባቴ "እንኳን ማርያም ማረችህ" ብሎ ሙቀጫውን ያስነሳል፣ እንደገና ቀንበጥ ያቀብለኛል፤ ለሁለት ልቅም ነው፣ ወይም እምቢ ልል ነው፣ ወይም እሱ በሩ ላይ ሊቀመጥ ነው። በሩን ስገባ "እንዴት ነህ?" አለኝ። ጥርሴን ነከስኩ። "ገና ነው" አልኩት። "ጊዜ ይፈልጋል ብላለች።"

ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን አልነበረም።

እንዲህ ሆነን ወራት አሳለፍን። ክሊኒክ ሳልሄድ ሄጄ መጣሁ እላለሁ። ቤቴ ቆሎ እቆረጥማለሁ፣ አባቴ ደጃፍ ስደርስ እቆለፋለሁ። ሚስቴ "ባቡር ቤት ያደገ ሰው በየጣቢያው ፍሬን ይይዛል" ብላ ትስቅብኛለች። ያንን ሁሉ ልፋት የለፋሁት ለመክፈት ነበር፤ አሁን የምለፋው እንዳይከፈት ነው። ማስመሰሉ ራሱ መንጋጋዬን ሊያመኝ ጀምሮ ስለነበር ማታ ማታ እንቅስቃሴውን አላቋረጥኩም።

ባለፈው ቅዳሜ አባቴ የፍየሏን ታሪክ አነሳ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። አንድ ሰውዬ ለፍየሉ የጭነት እንዳይከፍል ሻሽ አስሮላት፣ ነጠላ አልብሷት፣ ባቡሩ መስኮት ሥር ያስቀምጣታል። ተቆጣጣሪው ትኬት ሲል "ባለቤቴ ናት፣ ወባ ይዟት ነው፣ አትቀስቅሳት" ይላል። አንድ ሞኝ ባልደረባው አምኖ አለፈ፤ ታሪኩ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል። ያን ቀን ግን አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠና ወደ ግድግዳው እያየ ቀጠለ።

"ባልደረባዬ አልነበረም" አለ። "እኔ ነኝ።"

መውቀጤን አቆምኩ።

"አዘንኩላት። እማማ፣ እግዜር ይማርሽ ብዬ መሐረቤን በውሃ ነክሬ ግንባሯ ላይ አደረግኩላት። እናትህ የጠለፈችልኝን መሐረብ።" ትራሱን አስተካከለ። "በላችው።"

"መሐረቡን?"

"ዓይኔ እያየ! እናትህ ስሟን የጠለፈችበትን ጫፍ ለመጨረሻ አስቀረችው። እናትህ እስክትሞት ድረስ አዋሽ ድልድይ ላይ ነፋስ ወሰደው ስላት ኖርኩ። ነፋሱን ትረግመው ነበር።"

ሳቅኩ። የሳቅኩት ከሆዴ ነው፤ ወደ ኋላ ተደፋሁ፣ ትራሱ ወደቀ፣ እንባዬ ወረደ። እናቴ ነፋሱን ስትረግም ታየችኝና እንደገና ሳቅኩ። አባቴም ይስቅ ነበር። ከዚያ መሳቁን ተወ።

አፌን እያየ ነበር። አፌ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ቀጭ የሚል ነገር የለ፣ ሕመም የለ፣ እስከ ጉሮሮዬ ድረስ ያሳያል። ጥርሴን ለመንከስ ዘግይቼ ነበር። እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። አባቴ ጨርቁ ውስጥ ወደቀረው ቀንበጥ ተመለከተ፣ ሙቀጫውን ተመለከተ፣ ከዚያ ተነስቶ ሙቀጫው ከገባ ጀምሮ ክፍት የነበረውን መስኮት ዘጋው። ተመልሶ አጠገቤ፣ ከወትሮው ቀረብ ብሎ ተቀመጠ።

"ለዚያች ልጅ እንዳትነግራት" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ምኑን?"

"መዳንህን። ቀጠሮህን ትሰርዝብሃለች።"

ያቺ ልጅ ካሰናበተችኝ ወራት አልፈው ነበር። "አልነግራትም፣ አባባ" አልኩትና ዘነዘናውን አነሳሁ።